ከላሜራው ሥር ያለው እንጨት



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የቤት ሥራ፣ ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ቤት ወጪ ስንጽፍ ቆይተናል። የዚህ ወር ጉዳያችን ግን አንድ ሳንቃ ነው። ሳንቃው ያለው በአንዲት አሮጌ የአልሙኒየም ጀልባ ጀርባ፣ ሞተሩ በሚታሰርበት ቦታ ነው። «የቤተሰብ መጽሔትን ከጀልባ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም። ልጆቻችን ሊሳፈሩባት የነበረች ጀልባ ስለሆነች ነው ወደዚህ ዓምድ የገባችው።

እኛ የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። አገሩ የሐይቅ አገር ነው፤ የመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩም ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በረዶው ከውሃው ላይ እንደ ቀለጠ ጎረቤቱ ሁሉ ክረምቱን በሸራ ሸፍኖ ያቆየውን ጀልባ ይገልጣል። ለእኛ ቤት ደግሞ ዓሣ የተለየ ጥቅም አለው። ካለንበት ትንሽ ከተማ ሐላል ሥጋ ቤት ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል፤ ዓሣ ግን አራጅ አይፈልግም። ስለዚህ በረዶው በቀለጠ ሰሞን 14 ጫማ ርዝመት፣ ማለትም ከ4 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ አሮጌ የአልሙኒየም ጀልባ ከነሞተሩና ከነተጎታቹ ገዛን። ሻጩ «ጠንካራ ናት፤ አልሙኒየም እንደሆነ አይበሰብስም» አለን። እውነቱን ነው፤ አልሙኒየም አይበሰብስም።

ለልጆቻችን በዒድ ቀን ሐይቅ ልንወስዳቸው ቃል ገባን። ሦስት ናቸው፤ ትልቋ 11፣ ትንሹ 5 ዓመታቸው ነው። በዋዜማው የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ለብሰው ሳሎን ውስጥ ይዘልሉ ነበር። አማታችንም በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ነበሩ። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ በአናጢነት የኖሩ ሰው ናቸው። ጀልባ ሠርተው አያውቁም፤ እንጨት ግን ያውቃሉ። ከዐሥር ሰላት በኋላ ደጅ ወጥተው ጀልባዋን ዞሯት። ከኋላዋ ሲደርሱ ቆሙ። ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና በውስጥ በኩል ቀለም የተቀባውን እንጨት ጫን አሉት። ስለቱ ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ገባ።

«ኡስታዝ» አሉን፤ በቁም ነገርም በቀልድም እንዲህ ነው የሚጠሩን። «ይህ እኮ እንጨት አይደለም፤ የራሰ ድፎ ነው።»

«አባባ፣ እንጨቱ ማስደገፊያ ብቻ ነው፤ ጀልባዋ ላሜራ ናት» አልናቸው።

«እንግዲያ ሞተሩን የያዘው ማነው?»

መልስ አልነበረንም። ማታውኑ ለልጆቹ ነገርናቸው። ትልቋ ዝም አለች፤ ትንሹ ጃኬቱን አላወልቅም ብሎ እንደ ለበሰ ተኛ። እስከ ዒዱ ማግሥት ድረስ በአማታችን ላይ ቅር ብሎን ነበር፤ እዚህ ላይ ብንደብቀው ደግ አይሆንም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ እናስረዳ። የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ላሜራ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ውሃ ለመከላከል ይበቃል። ሞተር ሲታሰርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞተሩ በሁለት መጠምዘዣዎች የጀልባዋን የኋላ ግድግዳ ነክሶ ይንጠለጠላል። የእኛው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሲሆን ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደቱ ብቻ በሆነ ደግ ነበር። ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ከማሰሪያው ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ሞተሩ እንደ ረጅም ዘንግ ይሆናል፤ ከታች ወደ ፊት ሲገፋ ከላይ ወደ ኋላ ይጎትታል። ስስ ላሜራ ብቻውን ቢሆን ይታጠፍ ነበር። ስለሆነም ሠሪዎቹ በላሜራው ውስጠኛ በኩል ወፍራም እንጨት ያስገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ኮምፔንሳቶ ተጣብቆ 38 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሆን ነው። ይህን የኋላ ግድግዳ የጀልባ ሰዎች ትራንሰም ይሉታል። እንጨቱ ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ የሞተሩንም ንዝረት ይውጣል። የሞተሩ ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። እርሱ ሲለቅ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ግድግዳው ይከፈታል፣ ውሃው በዚያ በኩል ይገባል። ያውም ባሕር ዳር ቆሞ ሳይሆን ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ በሚገፋበት፣ ከዳር በራቁበት ሰዓት ነው።

ሰው ሁሉ «እንጨትን ውሃ ያበሰብሰዋል» ይላል። በትክክል ለመናገር የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከሱፔሪየር ሐይቅ ወለል ላይ ከ100 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሰጥመው የቆዩ ግንዶች በ1990ዎቹ እየወጡ ተሰንጥቀው ጤነኛ ጣውላ ሆነዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ፈንገሱም እዚያ ታች በቂ አየር አላገኘም። የጀልባው ሳንቃ ዕድል ግን የከፋ ነው፤ አይሰጥም፣ አይደርቅም። ውሃው በብሎን ቀዳዳ ሾልኮ ይገባና በላሜራውና በእንጨቱ መካከል ተሸጉጦ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ኮምፔንሳቶውን ንጣፍ በንጣፍ ይገልጠዋል። ጀልባዋ በተጎታች ላይ በጎርባጣ መንገድ ስትሄድ ደግሞ ሞተሩ ከኋላዋ ይዘልላል። በእኛ ግምት ብዙውን ሳንቃ ከሐይቁ ይልቅ መንገዱ ነው የሚጨርሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚታየው በቀለም ያበራ ላሜራ ነው።

እንዲህ ዓይነት ጀልባ ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምርመራው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩን ወደ ላይ አዘንብላችሁ የታችኛውን ጫፉን ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፤ ሌላ ሰው የግድግዳውን የላይኛ ጠርዝ ይመልከት። ጠርዙ አብሮ ከተወዛወዘ ወይም ከመሐል ከጎበጠ እንጨቱ ሄዷል። የሞተሩ መጠምዘዣ በእንጨቱ ውስጥ ጎድጎድ ያለ አሻራ ካበጀ፣ በመዶሻ እጀታ ሲመታ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ፣ ከታች ካለው ብሎን አንዱን ስታወጡ ቡናማ ውሃ ከወጣ፣ እንዲሁ ነው። እኛ ከመግዛታችን በፊት ያየነው ቀለሙንና የጎማውን አየር ብቻ ነበር።

በዒዱ ሦስተኛ ቀን አንድ ወዳጃችን ሊጠይቀን መጥቶ ጀልባዋን ደጅ አያት። ወደዳት። የገዛንበትን ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ ልውሰዳት አለን። ስለ ኋላዋ አልጠየቀም፤ እኛም ወዲያው አልተናገርንም፤ «እስቲ እናስብበት» አልነው። በልባችን ሒሳብ ሠርተን ነበር። የተሸጠልንም እንዲሁ ሳይነገረን ነው፤ እንደ ገዛነው ብንሸጠው ምን አለበት? እያልን። እኛ እኮ ቅዳሜ ጧት በመድረሳ ለልጆች የሽያጭን ምዕራፍ የምናስተምር ሰዎች ነን፤ ሻጭ ዕቃው ያለበትን ዐይብ ሳይናገር መሸጥ እንደማይፈቀድለት፣ ገዢውም ዐይቡን ሲያገኝ የመመለስ መብት እንዳለው በሰሌዳ ላይ ጽፈን ያስጠናን ነን። ያን ለት ምዕራፉ ትዝ አላለንም ማለት ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎን ነበር።

እንግዳው ሲሄድ ባለቤታችን የሻዩን ብርጭቆ እየሰበሰበች «ስንት ልጆች አሉት?» አለችን።

«አራት።»

ሌላ አልተናገረችም። በዚያው ማታ ለወዳጃችን ደውለን እንጨቱ የበሰበሰ መሆኑን ነገርነው። ከአፍታ ዝምታ በኋላ «ካበጃችኋት ንገሩኛ» ብሎ ሳቀ። እኛም ለአማታችን «አባባ፣ ከየት እንጀምር?» አልናቸው። ቂሙ በዚያ አለቀ።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ስሕተት ሠርተናል። «እንጨቱ በስብሶ ከሆነ የማይበሰብስ እንገዛለን» ብለን ከዕቃ መደብር እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የታከመ፣ መልኩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሳንቃ ገዝተን መጣን። አማታችንም ሽታውን አልወደዱትም እንጂ አልተቃወሙም፤ በእርሳቸው አገር ዝግባና ዋንዛ እንጂ እንዲህ ያለ እንጨት አልነበረም።

ሞተሩን አወረድን። የማዕዘን መያዣዎቹን ሪቬት ጭንቅላት በመሰርሰሪያ እያነሳን ላሜራዎቹን ፈታን፤ ብሎኖቹን አወጣን፤ እንጨቱን ወደ ላይ ሳብነው። የወጣው ግማሹ ነው። የቀረው በእጅ እየተዛቀ በባልዲ ወጣ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋልነው። ከእኛ በፊት አንድ ሰው ይህንኑ ሥራ ሠርቷል። ወደ ጀልባዋ ውስጥ የሚያየው ንጣፍ ተራ ኮምፔንሳቶ ነበር፤ የራሰው ድፎ እርሱ ነው። ከላሜራው ጋር የተጣበቀው ንጣፍ ግን አረንጓዴ፣ ልክ እኛ እንደገዛነው ያለ፣ ገና ጤነኛ እንጨት ነበር። እርሱን ሲያነሱት ከኋላው ያለው ላሜራ ነጭ ዱቄት ለብሷል። ዱቄቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግነው። ላሜራው ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ጎድጉዷል፤ ሦስት ቦታ ላይ የፀሐይ ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ ሾልኮ ታየ።

ጤነኛው እንጨት ጀልባዋን በልቷታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ውስጥ መዳብ አለ፤ ፈንገሱን የሚገድለው እርሱ ነው። በአሜሪካ እስከ 2003 መጨረሻ ለመኖሪያ ቤት ሥራ የሚሸጠው የታከመ እንጨት በአብዛኛው አርሰኒክ ያለበት ነበር፤ ያ ከቀረ በኋላ በተተካው ውስጥ የመዳቡ መጠን ከፍ ብሏል። መዳብና አልሙኒየም በእርጥበት ሲገናኙ ደግሞ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። ይህን የምንጽፈው እኛ ቀን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ የምናስተምር ሰው ነን። በየዓመቱ ሎሚ ላይ የመዳብ ሽቦና ምስማር ሰክተን ትንሽ መብራት እናበራለን፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ያንኑ ሎሚ በመኪናችን ጭነን ወደ ቤት አምጥተን ነበር! ሳንቃውን በማግሥቱ መልሰን አስረከብን። (ሳንቲምም እንዲሁ ነው፤ ልጆች በጀልባው ወለል ላይ የመዳብ ሳንቲም ጥለው እርጥብ ውስጥ ቢቆይ በሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። በእኛ ቤት አሁን ኪስ ሳይፈተሽ ጀልባ ላይ አይወጣም።)

አዲሱ እንጨት መድኃኒት የሌለው፣ ሙጫው ግን ውሃ የሚችል የውጭ ሥራ ኮምፔንሳቶ ሆነ። የባሕር ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ከበደን። አማታችን የወጣውን እንጨት ቅሪት በካርቶን ላይ አስቀምጠው ቅርጹን ነደፉ፤ ውፍረቱን ግን ከእንጨቱ ላይ አልለኩም። «ያበጠ እንጨት ዋሾ ነው» ብለው የላሜራውን ማስገቢያ ለኩ። በመደብር 19 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚጠራው ኮምፔንሳቶም ሲለካ 18 ሆኖ ተገኘ፤ ማስገቢያው ውስጥ የሚቀረውን ክፍተት ከወዲሁ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ሁለቱን ንጣፎች ያጣበቅነው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚደርቀው ኤፖክሲ ነው። ይህን ሙጫ በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ እንደሚገባ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ እኛ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን በአንድ ባልዲ በጠበጥነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባልዲው ሞቀ፣ ጋለ፣ ከዚያ አጨሰ፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አማታችን ዳር ቆመው «ኡስታዝ፣ ማንበብ የምታስተምር አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉን። ሁለተኛውን ጊዜ በሻይ ኩባያ ልክ ቀላቀልን። የሞርሴቶ ቁጥራችን ስላነሰ ከላዩ ሁለት ከረጢት አሸዋ ጫንንበት።

ዋናው ሥራ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ሰው የሚሰለቸውም እዚሁ ላይ ነው። አማታችን «እንጨት የሚጠጣው በአፉ ነው» ይላሉ። አፍ የሚሉት የተቆረጠውን ጠርዝና የተበሳውን ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ፊት አንዴ ስንቀባ ጠርዙን ሁለት ሦስቴ እናጠጣዋለን፤ በድምሩ ሦስት ዙር ኤፖክሲ ቀባነው። ብሎን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ከልካቸው አስፍተን በሳንና በኤፖክሲ ሞላናቸው፤ ሲደርቅ በመሐሉ በትክክለኛው ልክ እንደገና በሳን። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ የሚነካው የደረቀ ሙጫ እንጂ እንጨት አይደለም፤ ውሃ በብሎኑ ሥር ቢገባ እንኳ የሚጠጣው አያገኝም። ከታች ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳም እንዲሁ አደረግነው፤ የድሮው እንጨት መበስበስ የጀመረው ከዚያ ዙሪያ እንደነበር ከመልኩ ይታይ ነበር። ይህ ሁሉ በየመሐሉ መጠበቅ ስላለው አንድ ሳምንት ፈጀ። ልጆቹ በየጧቱ «ደረቀ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ሦስቱን ቀዳዳዎች ከውጭ በኩል በአልሙኒየም ቁራጭ ከውሃ መከላከያ ማጣበቂያ ጋር በሪቬት ደፈንናቸው፤ የጎደጎደውን ቦታ በኤፖክሲ ሞላነው። ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት ሆኑ፤ እርሱም ከአልሙኒየም ጋር በቀጥታ ባይነካካ ይመረጣልና እያንዳንዱን ከነሮንዴላው በማጣበቂያ ነክረን አስገባን። ሪቬቱን ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። አያት ከውጭ መዶሻ፣ ትልቋ ልጃችን ከውስጥ ብረት ያዙ። ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ሒጃቧን ከላይ አጥብቃ «አያ፣ ምታ!» ስትል ጎረቤት ይሰማ ነበር። እኛ የቀረን ሥራ ብሎን ማቀበል ነበር።

ሐይቅ ከመውረዳችን በፊት ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንዳለች ከኋላዋ በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ጨምረን በየስፌቱ የሚንጠባጠብ መኖሩን አየን። ብዙ ውሃ መሙላት አይገባም፤ ክብደቱ ተጎታቹን ይጎዳል። አንድ ሪቬት አለቀሰች፤ በኖራ ምልክት አድርገን ደገምናት። ከዚያም ሞተሩን አሰርን፤ አማታችን የታችኛውን ጫፉን ይዘው በሙሉ ኃይላቸው ገፉት። ጀልባዋ ከነተጎታቿ ተነቃነቀች እንጂ ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም። ሰንጢያቸውንም አውጥተው በአንድ ጥግ ሞከሩ፤ ስለቱ ተንሸራቶ ቀረ፤ ከቀለሙ ላይ ጭረት ትቶ።

የወረድነው ዒዱ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጧት ነው። በሚኒሶታ ሕግ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባ በሚጓዝበት ጊዜ የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው፤ የእኛ ትንሽ ልጅ ግን ሕግ ሳያስፈልገው ከቤት ጀምሮ ለብሶ ነበር። ያው ሕግ ደግሞ ጀልባ በመንገድ ላይ ሲጎተት የውሃ መውጫው ቡሽ ተነቅሎ እንዲሆን ያዝዛል፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የባዕድ ፍጥረት እንዳይዛመት ነው። እኛም ሕጉን አክብረን ነቅለን መጥተናል። ልጆቹን አሳፈርን፣ አማታችንን ከፊት አስቀመጥን፣ ቢስሚላህ ብለን ገፋን። ሞተሩ ተነሣ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኛም ከእርሱ ላይ ዓይናችንን አላነሳንም። ከዳር ሃያ ሜትር ያህል እንደራቅን አማታችን እግራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ኡስታዝ» አሉን በእርጋታ፣ «ጫማዬ ረጠበ።»

ቡሹ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ትልቋ ልጃችን ከእጃችን ነጥቃ ክንዷን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ከትታ ወተፈችው፤ ከዚያ ሁለቱ ታናናሾቿ በቆርቆሮ ጣሳ ውሃውን ሲቀዱና ሲደፉ ቆዩ፤ እንዲያውም ከዓሣው ይልቅ የወደዱት እርሱን ነው። ዓሣ አራት ያዝን። ለወዳጃችንም በማግሥቱ ደውለን ጀልባዋ መበጀቷንና የማትሸጥ መሆኗን ነገርነው፤ እርሱም ሌላ አሮጌ ጀልባ ሊያይ ነውና አማታችን ከነሰንጢያቸው አብረውት እንዲሄዱ ለመነን። ቅዳሜ ከዐሥር በኋላ ይሄዳሉ።